አግዳሚው ለጥ ይበል ወይስ ቀና

የልጅ ልጆቼ በግቢዬ ብረት ማንሳት ከጀመሩ ሁለት ክረምት አለፈ። ብረት ይሉታል እንጂ ብረቱ አንድ የውኃ ቧንቧ ብቻ ነው፤ በሁለቱ ጫፎቹ ያለው ክብደት ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ የተሞላ ሲሚንቶ ነው። ወንዱ አስተማሪ ነው፤ ሴቷ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሁለቱም እዚሁ አርብ ገበያ ከተማ ሥራ ስለደረሳቸው ከእኔ ጋር ይኖራሉ። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ብቻዬን ስኖር የራሴ ሳል ያስደነግጠኝ ነበር።

ተኝተው የሚገፉበትን አግዳሚ ከአሮጌ በር ነው የሠሩት። እግሮቹ ይወዛወዛሉ። አንድ ቀን በላያቸው ይፈርሳል ብዬ ስለፈራሁ፣ አንድ አናጢ አርብ ለገበያ ሲመጣ እግሮቹን መሬት ውስጥ ቀብሮ እንዲያጸናልን ተነጋገርኩ። ጠቡ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ወንዱ አግዳሚው ለጥ ብሎ ይተከል አለ። ጀርባውን ዘርግቶ ቧንቧውን ከደረቱ ወደ ላይ ሲገፋ መላው ደረቱ ይሠራለታል፤ ክብደትም ይጨምራል። ሴቷ ደግሞ ራስጌው ከፍ ይበል አለች። አምና ከወገዳ ከተማ ስትመለስ መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ትከሻዋ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ ነበር። ለጥ ብላ ስትገፋ ያ ትከሻ ይጠዘጥዛታል፤ ቀና ብላ ስትገፋ ግን ምንም አይላት። እስከዚያ ድረስ ራስጌው ሥር ድንጋይ እየከተተች ነበር የምትሠራው። እግሮቹን ያላላው የአንቺ ድንጋይ ነው ብሎ ይወቅሳታል፤ አልዋሸም። ለጥ ብሎ ከተቀበረ ግን ድንጋይ አይገባበትም፤ እሷም ነገሩን መተዋ ነው።

ስልካቸው ላይ ራስጌውን ዝቅ አድርጎ የሚገፋ ሰውም አሳዩኝ። ዘቅዝቀው የሚሰቅሉት የታረደ በግ ነው አልኳቸውና ያኛው ሳይከራከሩበት ቀረ።

ረቡዕ ዕለት እንወዳደርና ያሸነፈ ይወስን አለ ወንዱ። ቧንቧው ያው፣ ቆርቆሮዎቹ ያው፤ እያንዳንዱ በሚወደው አኳኋን ይገፋል፣ ብዙ ጊዜ የገፋ ይረታል። እሷም እሺ አለች። ቆጣሪም ዳኛም እኔ ነበርኩ። እሱ ለጥ ብሎ ሃያ ገፋ። እሷ ድንጋይዋን ከትታ ቀና ብላ አሥራ ሁለት ገፋች። ሃያ ከአሥራ ሁለት ይበልጣል፤ ይህን ያህልማ መሠረተ ትምህርት አስተምሮኛል። ለወንዱ ፈረድኩ።

እሷ አልተከራከረችም። እሺ እምዬ ብላ ድንጋዩን ከአግዳሚው ሥር አወጣችና ወደ አጥሩ ጥግ አንከባለለችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ቀን ያ ድንጋይ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ ውስጥ ገባ።

አርብ ጠዋት ባቄላ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። እዚያ የእኔን ጠባይ የማያውቅ የለም። አንድ ነጋዴ ከገበሬው ሲቀበል ጣሳውን አናቱ ድረስ ከምሮ ይቀበላል፤ ለእኔ ሲሰፍር ግን የጣሳውን አፍ በእጁ ጠርጎ ይሰጠኛል። እንደ ልማዴ ያዝኩት።

“እማማ፣ ጣሳው እኮ ያው ነው” አለኝ።

“ጣሳውማ ያው ነው። አሰፋፈሩ ነው ያው ያልሆነው” አልኩት።

ይህን ብዬ አፌን ሳልዘጋ የረቡዕ ፍርዴ ትዝ አለኝ። ቧንቧው ያው፣ ቆርቆሮው ያው ብዬ የፈረድኩ እኔ ነኝ። አገፋፉ ያው መሆኑን ግን አልጠየቅሁም። ነጋዴው ያሸነፈኝ መስሎት ሳቀ፤ ባቄላዬን ገዝቼ ሳልጨርስ ተመለስኩ።

ቤት ማንም አልነበረም። በእጄ ባልሞከርኩት ነገር ሁለተኛ አልፈርድም ብዬ ዘነዘናዬን ከሙቀጫው አወጣሁና አግዳሚው ላይ ተጋደምኩ። ለጥ ብዬ ከደረቴ ወደ ላይ ስገፋው ስምንት ጊዜ ሄደልኝ። ተነሥቼ ድንጋዩን ከአጥሩ ጥግ አምጥቼ ራስጌው ሥር ከተትኩና እንደገና ተጋደምኩ። አምስተኛው ላይ ክንዴ እንቢ አለ፤ ከአንገቴ በታች ያለው የደረቴ ጫፍ ተቃጠለ። ዘነዘናው ግን ያው ዘነዘና ነው። ትንፋሼን ስሰበስብ ጎረቤቴ ወንፊት ልትመልስ ገባች፤ ዘነዘና አቅፌ በጀርባዬ ተኝቼ ስታየኝ ወድቄ የቀረሁ መስሏት ወንፊቱን ለቀቀችው። ፍርድ እየመረመርኩ ነው አልኳት። እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ ታወራዋለች።

አናጢው ከሰዓት በኋላ መጣ፤ መቆፈር ሲጀምር ከለከልኩት። ጠላ ቀድቼለት ልጆቹ እስኪመለሱ አስቀመጥኩት። ሁለቱም ሲገቡ ፍርዴን እንዳነሳሁ ነገርኳቸው። ወንዱ የተፈረደ ነገር አይመለስም፣ ዳኛዋም ቆጣሪዋም እርስዎ ነበሩ ብሎ ሞገተኝ።

“የተሳሳተ ዳኛ ስሕተቱ ላይ ሲተኛ አይቼ አላውቅም እንዳትለኝ፣ ብዙ አይተሃል” አልኩት። “እኔ ግን አልተኛበትም። ተነሥና ቀና ብለህ ግፋ።”

ድንጋዩ እንደተከተተ ነበር። ቧንቧውን ይዞ ጀመረ። ሰባት ድረስ እየሳቀ ነበር፤ ዘጠኝ ላይ ሳቁ ቆመ፤ አሥራ አንደኛው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቶ እኔና አናጢው ያዝንለት። እህቱ እጇን አጣጥፋ ታየው ነበር።

“ጋሼ አስተማሪ፣ ከጠመኔ ሌላ አንስተው አያውቁም እንዴ?” አለችው። እሷ በሽተኛ በቃሬዛ ስታነሳ ነው የምትውለው።

እሱም ሳቀ፤ ላቡን እየጠረገ እውነት ነው ይከብዳል አለ። እንግዲያውስ ለእኔ ይፍረዱ አለች እሷ፤ ይህንንም እንቢ አልኩ። አሥር ከአሥራ ሁለት አነሰ ብዬ የእሱን መንገድ ብወስድበት ያው የረቡዕን ጥፋት ወደ ሌላው ጎን ማዞር ነው። የሱ ደረት ለጥ ማለት ይስማማዋል፤ የሷ ትከሻ ቀና ማለት። ትከሻ ደግሞ በቁጥር አይረታም።

አናጢውን እግሮቹን ቅበር፣ ሳንቃውን ግን አትቸንክር አልኩት። የአሮጌው በር ማጠፊያ ሳንቃው ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር፤ በእሱ ሳንቃውን ከግርጌው እግሮች ጋር አያያዘው። ከራስጌው ሥር ደጋፊ እንጨት አቆመለት፤ እንጨቱ ሲገባ ቀና ይላል፣ ሲወጣ ለጥ ይላል። ማጠፊያው ተነቅሎ እንዳይጣል ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

አሁን አንድ ቀን እሱ ይቀድማል፣ አንድ ቀን እሷ። ተራውን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ማንም አያታልለኝም። ሁለቱ ሥራ ሲሄዱ ደጋፊውን አቁሜ ዘነዘናዬን ስድስት ጊዜ እገፋለሁ። ከዚያ በኋላ ጀርባዬን እዚያው ላይ እንዳስደገፍኩ ፀሐይ እሞቃለሁ፤ ለመሞቅም ቀና ያለው ይሻላል።