የአስማማው ጣት

አስማማው ከክሪኬት ጋር የተዋወቀው ምንጣፍ ሰርቆ ነው። መስረቁን ግን አላወቀም ነበር።

ቶሮንቶ በገባ በሁለተኛው ዓመት የፓርክ ሣር አጫጅ ሆኖ ዌስተን አካባቢ ተመደበ። አንድ ዓርብ ጠዋት ከሰፊ ሜዳ መሀል፣ ሲሚንቶ ላይ የተዘረጋ ረጅም አረንጓዴ ምንጣፍ አገኘ። ቤት የለቀቀ ሰው ጥሎት የሄደ መሰለውና ጠቅልሎ ከቆሻሻው ጋር ጫነው። በማግስቱ ነጭ የለበሱ ሃያ ሁለት ሰዎች፣ ኳሳቸውን የሚያነጥሩበት ምንጣፍ ጠፍቶባቸው፣ ባዶ ሲሚንቶ ከበው ቆመው ዋሉ። ሰኞ ዕለት ሊዮ የሚባል የጉያና ሰው፣ የክለቡ ሊቀ መንበር፣ ከማጨጃው ፊት ቆሞ አስቆመው።

«ምንጣፋችንን የወሰድከው አንተ ነህ?»

«ቆሻሻ መስሎኝ ነው።»

«ቆሻሻማ ነው። ግን የኛ ቆሻሻ ነው።»

በካሣ መልክ፣ ቅዳሜ መጥቶ አዲሱን ምንጣፍ አብሯቸው እንዲዘረጋ ተጠየቀ። መጣ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስምንት በጋ ሳይቀር መጥቷል።

ኳስ በመምቻ እንጨት መምታት አልሆነለትም፤ መወርወሩም እንደዚያው። የሆነለት ዳኝነት ነበር። በእነዚህ የሰፈር ክለቦች ለዳኛ የሚከፈል ነገር ስለሌለ፣ በተራው የሚመታው ቡድን ከራሱ ሰዎች አንዱን ነጭ ካፖርት አልብሶ ያቆማል። ሰውየው የሚፈርደው በገዛ ጓደኞቹ ላይ ነው። ብዙው ሰው ይህን ሥራ ይሸሻል፤ አስማማው ግን ወደደው። አንድ ጊዜ ሊዮን በልደቱ ቀን፣ በመጀመሪያዋ ኳስ፣ ጣቱን አንስቶ አስወጥቶታል። ሊዮ እስከ ራት ድረስ አላናገረውም። ከራት በኋላ ግን «ልክ ነበርክ» አለው። ይህ ወሬ ከዌስተን አልፎ ኖርዝ ዮርክ ያሉት ክለቦች ድረስ ደረሰ፤ አስማማውም ሳይናገር ይኮራበት ነበር።

የእህቱ ልጅ ብሩኪ በዘጠኝ ዓመቱ መጥቶ እሱ ዘንድ አደገ። ክሪኬትን የተማረው ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ነው። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በሳምንቱ ቀናት ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከክለቡ ሁሉ የተሻለ ይመታል።

በዚህ በጋ አንድ ሐሳብ መጣ። ሃያ ሃያ የሚባለው አጭሩ ውድድር ከክለቦች እጅ ወጥቶ ለስምንት የፍራንቻይዝ ቡድኖች ይሰጥ የሚል ነው። ቡድኖቹ ባለቤት ይኖራቸዋል፤ ከየክለቡ የሚፈልጉትን ተጫዋች ይመርጣሉ፤ ዳኛም ከውጭ ያመጣሉ። ክለቦቹ የሚቀራቸው ረጅሙ የእሑድ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ክለብ ተሰብስቦ ድምፅ እንዲሰጥ ተነገረ። ሐሳቡ ሳይጸድቅ ገና የቡድኖቹ ተጫዋች መራጮች ማስታወሻ ይዘው በየሜዳው ይዞሩ ጀመር።

አስማማው ከተቃዋሚዎቹ ግንባር ቀደሙ ነበር።

«ከውጭ የመጣ ዳኛ ማንንም አያውቅም» ይል ነበር። «ለማያውቁት ሰው እውነት መፍረድ ምን ያስቸግራል? የራስን ሰው ሳያዳሉ መዳኘት ነው ሰው የሚያደርገው።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቸርች አይደለም» ይለዋል ብሩኪ። «ጌም ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ማን ያየኛል? የውሻ ባለቤቶች ብቻ።»

መራጮቹ ወደነሱ ሜዳ የመጡት በነሐሴ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ቀን ነው። ሁለት ናቸው፤ ታጣፊ ወንበራቸውን ዛፍ ሥር ዘረጉ። ወደዚህ ሜዳ ዳግመኛ እንደማይመለሱ ሁሉም ያውቃል። ተጋጣሚው የኖርዝ ዮርክ ክለብ ነበር፤ ከመቺው ጀርባ ከተተከሉት ሦስት እንጨቶች ኋላ ተቀምጦ ኳስ የሚቀልበው ፋሩቅ ነው፣ ከአስማማው ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። ሊዮ ካፖርቱን ይዞ መጣና «ዛሬ ሌላ ሰው ይቁም?» ሲል ጠየቀ።

«ለምን?» አለ አስማማው፤ ካፖርቱንም ተቀብሎ ለበሰ።

ብሩኪ ሠላሳ አንድ ነጥብ እስኪያስገባ ድረስ ችግር አልነበረም። መራጮቹ አንዴ ጽፈዋል፤ ሁለተኛም ጽፈዋል። ቀጥሎ የተወረወረችው ኳስ በብሩኪ መምቻ አጠገብ ሽው ብላ አለፈች፤ ጠቅ የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ፋሩቅ ቀለባትና እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ጮኸ። ኳሷ መምቻውን ነክታ ከሆነ ብሩኪ ይወጣል፤ ካልነካች ይቆያል። የሚታወቅበት ሌላ መንገድ የለም፤ የዳኛው ጆሮ ብቻ ነው።

አስማማው ድምፁን ሰምቷል። የምን ድምፅ እንደሆነ ግን አልለየም። ባልለየው ነገር ጣት እንደማይነሳ አሥራ ስምንት በጋ ለሌላው ሲያስተምር ኖሯል። በዚያች ቅጽበት የታየው ግን ዛፉ ሥር ያሉት ሁለት ሰዎችና «ለልጁ አዳላ» የሚለው ወሬ ነው። ጣቱን አነሳ።

ብሩኪ ቆሞ አየው። ከዚያ መምቻውን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። በአጠገቡ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፓዴን ነው» አለ፤ መምቻው እግሩ ላይ የታሰረውን መከላከያ መንካቱ ነበር። መራጮቹ ጥቂት ቆይተው ወንበራቸውን አጠፉ።

ከጨዋታው በኋላ አስማማው ምንጣፉን ሲጠቀልል ፋሩቅ ሌላኛውን ጫፍ ያዘለት።

«እውነቱን ንገረኝ» አለው አስማማው። «ነክታ ነበር?»

ፋሩቅ ጫፉን አጠፈ። «አይመስለኝም።»

«ታዲያ ለምን ጮህክ?»

«ሌላ ዳኛ ቢሆን አልጮህም ነበር። አንተ ግን በራስህ ልጅ ላይ እንደምትጨክን አውቃለሁ። ሞከርኩ። ይህን ደግሞ ሁሉም ክለብ ያውቃል፣ ወንድሜ። አንተ የቆምክ ቀን ሁላችንም አብዝተን ነው የምንጮኸው።»

ምንጣፉን እስከ መጨረሻው ጠቀለሉት።

ሐሙስ ማታ ክለቡ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተሰበሰበ። ብሩኪ ከሥራ ዘግይቶ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ሊዮ የሚቃወመውን እንዲናገር ሲጋብዝ ዓይኖች ሁሉ ወደ አስማማው ዞሩ። ተነሣ።

«አላዳላም ስል ኖሬአለሁ» አለ። «አዳልቻለሁ። ያዳላሁት ለተጋጣሚው ነው፤ እናንተም አመሰገናችሁኝ። ቅዳሜ ያስወጣሁት ልጅ መምቻው ኳሷን አልነካም ነበር። ብሩኪን የማያውቅ ሰው ቆሞ ቢሆን የሰማውን ብቻ ይፈርድ ነበር። ዳኛ ከውጭ ይምጣ። ፍራንቻይዙም ይምጣ።»

«ሌላ ምክንያት የለህም?» አለ ሊዮ።

«ሌላውን አላውቅም። የማውቀው ይህን ነው።»

እጅ ሲቆጠር ሐሳቡን የደገፉት ስምንት፣ የተቃወሙት አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። አንዱ ከኋላ «ጋሼን ራሱን አስወጣነው» ብሎ ቀለደ፤ ጥቂት ሰው ሳቀ።

አውቶቡስ ውስጥ ብሩኪ ከአጠገቡ ተቀመጠ። ሦስት ፌርማታ አለፉ።

«ቮት ያደረግከው ለኔ ብለህ ነው?»

«አይደለም። ለራሴ ነው።»

ብሩኪ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። የተመረጡት ተጫዋቾች ዝርዝር ሰኞ ወጥቶ ነበር፤ ስሙ አልነበረበትም። ስለዚያ ሁለቱም አላነሡም።

«ቅዳሜ እኔ ስመታ ማን ነው የሚቆመው?»

«ሊዮ።»

«ሊዮ እኮ ጆሮው አይሰማም።»

«አዎ» አለ አስማማው። «እሱን እንዲቆም የጠየቅኩት ለዚህ ነው። የሚጮኹትን አይሰማም።»

ብሩኪ ወደ እሱ ዞረ፤ ሊስቅ ፈልጎ ነበር፣ አልሳቀም። አውቶቡሱ ሲቆም ግን የአስማማውን ቦርሳ ከእግሩ ሥር አንስቶ ያዘለትና ቀድሞት ወረደ።