«የለም» ያሉት ስልሳ ሦስት ቤቶች

ዓባይነሽ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረችበት የገጠር ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ያገኘችው ሥራ መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት መዞር ነበር። ጥናቱ በክልሉ ስላለው ወንጀል፣ ስለ ፖሊስ አገልግሎትና ስለ ሕዝቡ ደኅንነት ነው። የእሷ ድርሻ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ቀበሌ ሆነ። ባጃጅ አስፋልቱ ዳር ያወርዳታል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።

«ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት በእርስዎ ወይም በቤተሰብዎ ላይ ወንጀል ተፈጽሟል?» ብላ ትጠይቃለች።

«የለም» ይሏታል።

በሁለት ሳምንት ስልሳ ሁለት ቤት ገባች፤ ስልሳ ሁለቱም «የለም» አሉ። እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ አላት።

ተቆጣጣሪዋ ስመኘው ድሮ አራተኛ ክፍል ያስተማረችው ልጅ ነው። ወረቀቶቹን አገላብጦ ካየ በኋላ አንገቱን ደፋ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እነዚህን ቤትዎ ቁጭ ብለው አልሞሏቸውም?»

ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም። «ነገ አብረን እንሂድ» አለችው።

በማግስቱ ስልሳ ሦስተኛው ቤት፣ እማማ ባንቺአየሁ የሚባሉ ባልቴት ዘንድ ገቡ። የበሩ ሳንቃ በመጥረቢያ ተፈልጦ በቆርቆሮ ተጠግኗል። ዓባይነሽ ጠየቀች።

«የለም፣ ተመስገን» አሉ ሴትዮዋ።

«በሩን ታዲያ ምን ነካው?» አለ ስመኘው።

«አርጅቶ ነው።»

ዓባይነሽ እስክሪብቶዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «የእኔንም ቤት ባለፈው ክረምት ሰብረው ገብተዋል፤ የሟች ባለቤቴን ካፖርት ሳይቀር ወሰዱት» አለች። «ለፖሊስ አላመለከትሁም። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቱ ጎረቤቴ ናት።»

ይህን እስከዚያች ቀን ለማንም አልተናገረችም። ስመኘው ዞር ብሎ አያት። እማማ ባንቺአየሁ የተጠገነውን በር ገፋ አድርገው ዘጉት።

«ከእኔ የሄደው ሁለት በሬ ነው» አሉ። «ሽማግሌ ገባ። አንዱ በሬ ተመለሰ፣ በሌላው ጊደር ሰጡኝ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመን ነገሩን ዳግም ላናነሳ ማልን። ይችን ታህልም መናገር አልነበረብኝም። የለም ብለሽ ጻፊ ልጄ። ዛሬ በመካከላችን ምንም የለም።»

ዓባይነሽ «የለም» ብላ ጻፈች። ስመኘው ከሥሩ ፈረመ።

«ሪፖርቱ እኮ ቀበሌው ሰላም ነው ሊል ነው» አላት መንገድ ላይ።

«ይላል» አለችው።

እውነትም ከወራት በኋላ ቡሬ ላይ ውጤቱ ሲቀርብ ቀበሌው ወንጀል ከማይታይባቸው አንዱ ተብሎ ተመሰገነ። ዓባይነሽ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች።

«ሰዎቹ አልዋሹም» አለች። «መጠይቁ ግን በዕርቅ ያለቀውን በደል አይጠይቅም።»

አጥኚዎቹ ማስታወሻ ያዙ። በዓመቱ ያ ጥያቄ ተጨምሮ እሷኑ ወደዚያው ቀበሌ ላኳት። ሠላሳ ስምንት ቤት «አለ» አለ። ምን እንደሆነ ግን አንዳቸውም አልነገሯት፤ እሷም አልጠየቀቻቸውም። የመጨረሻውን ወረቀት አስረክባ ቤቷ ገባችና እስከ ማግስቱ ቀትር ድረስ ተኛች።