ሳቅ የሚጠብቀው ጠንቋይ

ስሜን ከመጻፍ አልፌ ብዕር የጨበጥኩበት ቀን ጥቂት ነው፤ እንዲህ ደፍሬ ስጽፍ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ግን የጎረቤታችንን የጋሽ አስማትን ነገር በሆዴ ይዤ መቀመጥ አቃተኝ።

ጋሽ አስማት በትያትር ቤት ጠንቋይ ሆኖ ሲጫወት ያረጀ ሰው ነው። ጠንቋዩ ዱቄት ይበትናል፤ ያነጠሰ ሁሉ መጀመሪያ ያየውን ሰው ይወዳል። አያቶቻችን ሳይቀሩ የሳቁበት ጨዋታ ነው። ታዲያ ፊልም ሊሆን ነው ተባለና ጋሽ አስማትም ጠንቋይነቱን እንደያዘ ገባ። ሚስቱ ወሬውን ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው።

ችግሩ የመጣው ገና በመጀመሪያው ቀልድ ነው። ዱቄት ፈልጋ ለመጣችው ልጅ፣ "አይዞሽ፣ ለባልም ይሠራል! ብቻ ሲያነጥስ ጎረቤትሽ አጠገቡ እንዳትቆም!" አለና እጁን አየር ላይ ትቶ ቀጥ አለ።

"ቁረጥ!" አለ ዳይሬክተሩ፣ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ። "ጋሼ፣ ምን እየጠበቁ ነው?"

"ሳቁን ነዋ።"

"ሳቁ በኋላ ይገባል።"

"ከየት ነው የሚገባው?"

"ከኮምፒዩተር።"

ጋሽ አስማት ዙሪያውን ቃኘ። አንዱ ሽቦ ይጎትታል፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል። ደገሙት፤ ደግሞ ቆመ። ሰው ካልሳቀ ምላሱ አልፈታ አለው። በስንት መከራ ሊቀጥል ሲል ደግሞ መብራት የያዘው ሰውዬ አላስችል ብሎት በሳቅ ፍርፍር አለ። ጋሽ አስማት ደስ ብሎት ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

"ማነው የሚስቀው?" ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ። "ኮሜዲ እየሠራን እኮ ነው፣ ቁም ነገር አድርጉት እንጂ! ጋሼ፣ ነገም ከቆሙ ጠንቋዩን ሌላ ሰው ይጫወተዋል።"

ማታ ሚስቱ ሰማችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ሳይስቁም ቆምክ፣ ሲስቁም ቆምክ? አንተ ሰውዬ፣ እኔ በየት በኩል ልውጣ? የእህቴ ባል እንኳ ሊያይህ ቴሌቪዥን ቀይሯል!"

"ታዲያ ጆሮዬን ቆርጬ ልጣለው?"

"እሱስ ይቅርብህ" አለችና ከት ብላ ሳቀች። ጋሽ አስማት፣ ልማድ ነውና፣ እስክትጨርስ ዝም አለ።

በማግስቱ ጠዋት ፋርማሲ ጎራ ብሎ ጥጥ ገዛ። ሁለቱንም ጆሮዎቹን ጥቅጥቅ አድርጎ ደፈነና የጠንቋዩን ቆብ እስከ ጉንጩ ሳበው። ከካሜራው ፊት ቆሞ፣ የማንንም ፊት ሳያይ፣ የልጅቷን አፍንጫ ብቻ እየተመለከተ፣ እስክታነጥስ ድረስ ቀልዱን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ተወጣው።