ከሪያድ እስከ ዱባይ

ከዓረብ አገር በቅርቡ የተመለሰው በድረዲን ከጎብዬ ወደ ቆቦ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እጇን በሂና ያስዋበች ሴት አጠገብ ተቀምጧል። ሴትዮዋ ስልኳን በሻርፗ ጫፍ ቋጥራለች፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር የተደወለ እየመሰላት ትፈታዋለች፤ አይታም መልሳ ታጠብቀዋለች።

ከዓረብ አገር መመለሱን ሲነግራት፣ «ወንድሜ፣ ከሪያድ ዱባይ በአውሮፕላን ሩቅ ነው?» አለችው።

«ምን ሩቅ አለው፣ እታለም! ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

«ወላሂ በል!» ፊቷ ጠቆረ። «ባለቤቴ ሪያድ ነው። ያች ቀድሞ ታጭታለት የነበረችው ደግሞ ዱባይ ገባች አሉኝ። በመካከላቸው ባሕር ያለ መስሎኝ እንቅልፌን እተኛ ነበር።»

በድረዲን ያወጣው ቃል ቆጨው። «ፈቃድ ማግኘቱ ከባድ ነው እኮ፤ አሠሪው መቼ ይለቀዋል?» ሲል ሊያጽናናት ሞከረ።

«ወደኔ ሲሆን ነዋ የማይለቀው!»

መኖሪያዋ ሮቢት ከተማ ስትደርስ ቋጠሮዋን አጥብቃ ወረደች። ቅናት መንገድ ሲለካ ከራሱ ደጃፍ አይነሣም፤ ከሪያድ እስከ ሮቢት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሴትዮዋ አንድ ጊዜም አልጠየቀችም።