የእትዬ ለተገብርኤል አፍንጫ

እትዬ ለተገብርኤል በዚህች ምድር ላይ የቀራቸው ሀብት አፍንጫቸው ብቻ ነበር። ባላቸው ሞቷል፣ ልጅ አልወለዱም፣ ሠላሳ ዓመት ተከራይተው የኖሩበት የካዛንቺሱ ግቢም ፈርሷል። አፍንጫቸው ግን ስም ነበረው። ካዛንቺስ ቅቤ ይሸጡ በነበረበት ዘመን፣ አምጪው ቅሉን ከትከሻው ሳያወርድ «ይሄ ለጋ ነው፣ ያ በሳል ነው፣ ያኛው ሙዝ ተቀላቅሎበታል፣ ይዘህልኝ ጥፋ!» ይሉ ነበር። ተሳስተውም አያውቁም። ሱቃቸውን ዘግተው ካረጁ በኋላ ይህንኑ አፍንጫ ይዘው ገብርኤል ጽዋ ማኅበር ገቡ፤ ማንም ሳይመርጣቸውም የጾም ዳኛ ሆነው ተቀመጡ።

ፍርዳቸው ይግባኝ የለውም። አንድ የሁዳዴ ቀን፣ ለማኅበሩ ወጥ እንድትሠራ የተቀጠረች ሴት ሽሮዋን ስታቀርብ፣ እትዬ ለተገብርኤል ገና ከበሩ ሆነው «ድስቱ የቅቤ ነው፤ በወጉ አልታጠበም» አሉ። ልክ ነበሩ። ሴትዮዋ ሽሮዋን ደፍታ፣ እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ስትወጣ፣ እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ዳቦ ቆረሱ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የአንዷ ማኅበርተኛ አዲስ ምራት ያቀረበችውን የጾም ኬክ አሽትተው «እንቁላል!» አሉ፤ በዚያ በሞላ ቤት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ልጅቷ ከአማቷ ጋር እስከ ዛሬ ዓይን ለዓይን አትተያይም። እትዬ ለተገብርኤል ይህን ሲሰሙ «እውነት ትመራለች» ብለው አለፉት። እሳቸው ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ አንድም ጾም ገድፈው አያውቁም፤ የገደፈ ሰው ደግሞ አያሳዝናቸውም።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ሁለት ሳምንት ተኝተው ተነሡ፤ አፍንጫቸው ግን አብሯቸው አልተነሣም። ጸበል ጠጡ፣ ባሕር ዛፍ ታጠኑ፣ ነጭ ሽንኩርት አሽተው አፍንጫቸው ውስጥ ወተፉ። ምንም ለውጥ የለም። ወጡ ጨውና በርበሬ ብቻ፣ ሻዩ የፈላ ስኳር ብቻ ሆነባቸው። ለማንም አልተናገሩም። ለንስሐ አባታቸው ለአባ ገብረሚካኤል እንኳ ዝም አሉ፤ «ሽታ ማጣት ኃጢአት አይደለ፣ ምን ብዬ እናዘዘዋለሁ?» እያሉ ራሳቸውን አጽናኑ። ዳኝነቱን ግን አልተዉም። ምግብ ሲቀርብላቸው እንደ ዱሮው ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ፤ ከመጨፈናቸው በፊት ግን የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ያነብባሉ። ሰው ፊቱን ካላኮማተረ «ንጹሕ ነው» ይላሉ። በዚህ ዘዴ አምስት ዓመት ኖሩ። አፍንጫቸው መሞቱ ከታወቀ በዚያ ማኅበር ውስጥ ምን ሊባሉ እንደሚችሉ ያውቁታል፤ ማእዘን ላይ ተቀምጠው ጽዋ የሚጠጡ አንዲት ምስኪን አሮጊት።

ግቢያቸው ሲፈርስ መጠጊያ የሰጠቻቸው የክርስትና ልጃቸው ሉሊ ናት። የሟች ጓደኛቸው ልጅ ናት፤ በሰማንያ ቀኗ ያቀፏት እሳቸው ናቸው። ሉሊ ቡልጋሪያ አካባቢ ከተከራየችው ቤት ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ አጽድታ፣ አልጋ ዘርግታ «እማማ፣ እኔ እያለሁ የት ይሄዳሉ?» ብላ አስገባቻቸው። ጠዋት ሻይ፣ ማታ እራት ትወስድላቸዋለች። ራሷም የተመቻት አልነበረችም። ሪሴፕሽን ትሠራበት የነበረው ሆቴል ሲዘጋ ሥራ ፈትታ፣ አሁን በቤቷ ኦቨን የጾም ኩኪስ ትጋግራለች። በቅቤው ፈንታ የሱፍ ዘይት፣ በእንቁላሉ ፈንታ ተፈጭቶ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ተልባ ታደርጋለች። ለቀለሙና ለልስላሴው የተቀቀለ ዱባ ታቦካበታለች፤ ከዚያ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድ፣ መጨረሻ ላይ ኮረሪማ ትነሰንስበታለች። የገና ጾም ሲገባ አንዷ ማኅበርተኛ ወይዘሮ ዝማም፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ ካፌ ያላት፣ «እስቲ ለኅዳር ገብርኤል አምጪና እንቅመሰው፤ ከጣፈጠ ጾሙን ሙሉ ከአንቺ እወስዳለሁ» አለቻት። ሉሊ ከደስታዋ ብዛት እንቅልፍ አጣች።

ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ጠዋት እትዬ ለተገብርኤል ማእድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ሉሊ ስታቦካ አዩ። ተልባው ሲዝለገለግ፣ ዱባው ሲደቆስ፣ ዘይቱ ከጠርሙስ ሲንቆረቆር በዓይናቸው በብረቱ አይተዋል።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዝማም ቤት ጸሎቱ ደርሶ፣ ጽዋው ዞሮ፣ ኩኪሱ ቀረበ። ቢጫ፣ ወዛም፣ ለስላሳ። ወይዘሮ ዝማም አንዱን አንስታ ገና አፏ ሳታደርሰው ቆም አለች።

«ውይ፣ ይቅርታ፣ ማለቴ… ቅቤ ቅቤ አለኝ ልበል?»

«እኔንም እኮ» አለች አጠገቧ ያለችው።

ኮረሪማው ነበር። ኮረሪማ የቅቤ ማንጠሪያ ነውና ኮረሪማ የሸተተው ሰው ቅቤ ትዝ ይለዋል። ደህና አፍንጫ ግን ሁለቱን ይለያል፤ እትዬ ለተገብርኤል ዱሮ ቢሆን እንቅልፍ ላይ ሆነውም ይለዩት ነበር። አሁን ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሯል። ሉሊም ወደ እሳቸው ዞራ ፈገግ አለች፤ አልፈራችም። እማማዋ ጠዋት ሁሉን አይተዋል።

እትዬ ለተገብርኤል ኩኪሱን አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃሉ። ግን «ንጹሕ ነው» ቢሉ፣ ዝማም «እንዴ፣ እርስዎን አልሸተተዎትም?» ብትልስ? ሁለት ሴቶችን የሸተታቸው ነገር እሳቸውን እንዴት ሳይሸታቸው ይቀራል? ዝማም ጎበዝ ናት፤ ነገር ካሸተተች አትለቅም። ከዚያ አንድ ፈተና፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ማእዘኑ ላይ መቀመጥ ይመጣል። ልጅቷ ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ አታጣም ብለው አሰቡ። ይህን ሁሉ ያሰቡት አንድ ትንፋሽ እስኪስቡ ነው።

«ቅቤ ነው» አሉ ዓይናቸውን ገልጠው። «በሳል ቅቤ።»

ሉሊ መጀመሪያ የቀለዱ መሰላት። «እማማ! ጠዋት አብረን አልነበርን እንዴ? ተልባውን…»

«እኔ የሸተተኝን ነው የምናገረው፣ ልጄ። በገብርኤል ቀን አልዋሽም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ትሪው እንዳለ ለውሻ ተደፋ። ወይዘሮ ዝማም ትእዛዙን ሰረዘች፤ ያ አልበቃ ብሏት ወሬውን ካፌዋ ድረስ ወሰደችው። በሳምንቱ ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ የሉሊ ስም «አስገዳፊዋ» ሆነ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው። በዕለቱ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲመለሱ ሉሊ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «እማማ፣ የእውነት ሸተተዎት?» እሳቸውም በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «ሸቶኛል» አሉ። ማታ እራታቸው እንደ ወትሮው በሰዓቱ መጣ። በሉት።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት ሉሊ ምስር ጥዳ ሱቅ ደርሳ ልትመለስ ወጣች። ምስሩ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ ጋዙ ግን መውጣቱን አላቆመም። ተመልሳ የግቢውን በር ስትከፍት ሽታው ጉሮሮዋን ያዛት። እየሮጠች ገባች። እትዬ ለተገብርኤል ማእድ ቤቱ ውስጥ፣ ከሲሊንደሩ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው ድርሳነ ገብርኤል ይደግማሉ። ሉሊ ጋዙን ዘግታ መስኮቱን በረገደችው።

«እማማ! አልሸተተዎትም?»

«ምኑ?» አሉ ቀና ብለው።

ምኑ ባሉበት ቅጽበት ገባቸው። «እ… ሸቶኛል እንጂ፤ ጋዙ አይደል? አሁን ልጠራሽ ስል ነው የመጣሽው» አሉ። ሉሊ አፍንጫቸውን ትኩር ብላ አየች፤ ከዚያ ምድጃው ላይ የፈሰሰውን ምስር መጥረግ ጀመረች።

ቁጣ ጠብቀው ነበር፤ አልመጣም። እንዲያውም ሉሊ ከዚያ ቀን ወዲህ ሻዩን በሁለት እጇ ትሰጣቸው ጀመር። እግራቸውን አጠበች፣ ነጠላቸውን አጠበች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እትዬ ለተገብርኤል ይህን ተረት እያወቁት ልጅቷ ይቅር ብላኛለች ብለው አመኑ። ማመን ፈልገው ነበርና። ማታ ማታ ለገብርኤል ሥዕል «ልጄን በደልኳት» ይላሉ። ለልጅቷ ግን አይሏትም።

የታኅሣሥ ገብርኤል ድግስ ተራው የእሳቸው ነበር። ሳምንት ሲቀረው ሉሊ አጠገባቸው መጥታ ተንበረከከች።

«እማማ፣ ድግሱን እዚሁ የእኔ ሳሎን እናድርገው። ኩኪስም ልጋግር። ከእርስዎ በፊት ማንም አይነካውም፤ አሽትተው ከፈቀዱ ይቀርባል፣ ካልፈቀዱ ይደፋል። በቃ፣ የእርስዎ ቃል ብቻ ነው ስሜን የሚመልሰው።»

እትዬ ለተገብርኤል እንባቸው መጣ። ምንም ታምጣ፣ ማንም ምንም ይበል፣ «ንጹሕ ነው» እላለሁ ብለው ማሉ። በአንድ ቃል የገደሏትን በአንድ ቃል ሊያነሡ። ከልባቸው ነበር፤ ምናልባትም በሕይወታቸው ለሌላ ሰው ብለው የቆረጡት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ የሉሊ ሳሎን ሞላ። አባ ገብረሚካኤል ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሽሮውና ምስሩ ተበላ። ከዚያ ሉሊ ነጭ የሀገር ልብስ የተነጠፈበት ሰፌድ በሁለት እጇ ይዛ ከማእድ ቤት ወጣች። ኩኪሱ ላዩ ላይ በሥርዓት ተደርድሯል። ሰውን ሁሉ አልፋ ቀጥታ እትዬ ለተገብርኤል ፊት ቆመች።

ጨዋታው ቆመ። ወይዘሮ ዝማም ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። አጠገቧ ያለችው ሴት አፏን በእጇ ያዘች። አባ ገብረሚካኤል መስቀላቸውን እንደያዙ ቀሩ። እትዬ ለተገብርኤል እንደ ልማዳቸው ፊቶቹን አነበቡ፤ ሁሉም የተኮማተሩ ናቸው። ይኸው ደግሞ ኮረሪማው፣ አሉ በሆዳቸው፤ ይኸው ያቺ ዝማም ልጄን ዳግመኛ ልትገድልብኝ። በዚህ ጊዜ ግን አልፈራም።

አንድ ኩኪስ አነሡ። አፍንጫቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። ከዚያ ዱሮ ያላደረጉትን አደረጉ፤ ግማሹን ገምጠው፣ ሁሉም እንዲያይ ቀስ ብለው አኝከው ዋጡት።

«ንጹሕ ነው» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ጠብ የምትል ቅቤ የለበትም። ልጄን ስሟን ያጠፋችሁ ሁሉ ይቅርታ ጠይቋት!»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«እትዬ ለተገብርኤል» አለች ወይዘሮ ዝማም በስተመጨረሻ፣ ቀስ ብላ፣ ከሕፃን ጋር እንደሚነጋገር ሰው፤ «ቤቱ እኮ በቅቤ ታፍኗል። ሰፌዱ ገና ከማእድ ቤት ሲወጣ ነው የሸተተን። እርስዎን… ምንም አይሸትዎትም?»

ሉሊ ሰፌዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና የተነጠፈውን ልብስ ጫፍ ገለጥ አደረገችው። ልብሱ በቀለጠ ንጥር ቅቤ ርሶ ያብለጨልጫል።

«ኮሮና የያዛቸው ጊዜ ነው የሄደው» አለች ለሴቶቹ፣ ወደ እሳቸው ሳትዞር። «ጋዝ እንኳ አይሸታቸውም። ኅዳር ላይ የፈረዱብኝ በዚህ አፍንጫ ነው። በእሱ ስንቱ ላይ እንደፈረዱ እናንተ ቁጠሩ።»

አንዷ ማማተብ ጀመረች። አንዷ ሳቀች፤ ቶሎ ብላ በነጠላዋ ሸፈነችው እንጂ ሳቋን ሁሉም ሰምቷል። አባ ገብረሚካኤል ወለል ወለሉን ያያሉ። እትዬ ለተገብርኤል ግን ሳቁም፣ ስማቸውም፣ ማእዘኑም ከሐሳባቸው ወጥቷል። ምላሳቸው አፋቸው ውስጥ የቀረውን ፍርፋሪ እየፈለገ ነበር። ጣፋጭ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አይልም። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ የጠበቁት ጾም።

«ሉሊዬ» አሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ሆኗል። «ጨርቁ ብቻ ነው? ወይስ ኩኪሱም ውስጥ አለ?»

ሉሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ዳኛችን እርስዎ ነዎት፣ እማማ። አሽትተው ይንገሩኝ።»

እትዬ ለተገብርኤል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የቀረችውን ግማሽ እንደገና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።