ለአስተናጋጁ የሰጠሁት አንድ

ልጅ የሌለው ሰው ዕረፍቱን የሚመርጠው ሌላው መርጦ ከጨረሰ በኋላ ነው። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ሕጉ ይህ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸው ሳምንታት የወላጆች ናቸው፤ ገናም ፋሲካም የወላጆች ነው። ለኡርላውቤ፣ ለዓመት ዕረፍቴ፣ የሚተርፈኝ ወይ ኅዳር ነው ወይ ሰኔ፤ ማለትም ማንም ያልፈለገው። በዚያ ዓመት የደረሰኝ ሰኔ ነበር። የጉዞ ወኪሏ ኮምፒውተሯን ስትነካካ ቆይታ ጋምቢያን አወጣችልኝ።

«እውነቱን ልንገርዎት» አለች፤ «የዝናብ ወቅት ነው። ሆቴሎቹ ግማሹ ዝግ ነው። ሰው የለም።»

ሰው የለም ያለችው ለማስጠንቀቅ መሆኑ የገባኝ ከፈረምኩ በኋላ ነው። እኔ ማባበያ መስሎኝ ነበር።

ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር ውስጥ የማውቃቸው ያገሬ ሰዎች ወሬውን ሲሰሙ «ዘመድ አለሽ እንዴ እዚያ?» ከማለት ሌላ ጥያቄ አልመጣላቸውም። አፍሪካዊ ወደ አፍሪካ የሚሄደው ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለለቅሶ፤ ለሽርሽር የሚሄደው ጀርመናዊ ነው። ምን ብዬ እንደማስረዳ ስላላወቅሁ ዝም አልኩ። ዝም ስላልኩም ጋምቢያዊ እጮኛ እንዳለኝ ተወራ።

ከእጮኛው ወሬ የራቁት ጋሼ ብቻ ነበሩ። ጋሼ ኡንተርሊደርባህ ሰፈር የሚኖሩ፣ ድሮ ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ ጡረተኛ መሐንዲስ ናቸው። መጽሐፍ ያውሱኛል፤ ስመልስላቸው ደግሞ እንደ ተማሪ ይፈትኑኛል። «አንቺ ልጅ» ነው የሚሉኝ፤ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር።

«እዚህ ፀሐይ በነጻ ወጥታልሽ፣ ዝናብ ልትከራዪ አፍሪካ ድረስ ትበሪያለሽ?» አሉኝ።

«ላነብ ነው ጋሼ።»

«ለማንበብማ ሆክስት ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር አለልሽ።»

ሄድኩ።

ሆቴሉ ከባንጁል ወጣ ብሎ ከባሕሩ ዳርቻ ላይ ነው። ትልቅ ነው፤ የተከፈተው ግን አንደኛው ሕንፃ ብቻ ነበር። ከመዋኛው ገንዳ የቧንቧው ውኃ ወጥቶ የሰማዩ ገብቶበታል፤ እንቁራሪቶች ይዋኙበታል። የፀሐይ ጃንጥላዎቹ በሸራ ተጠቅልለው ጥግ ላይ ተደግፈዋል። እንግዶቹ ሦስት ነበርን፤ አንድ ጡረተኛ ጀርመናዊ ከነሚስታቸውና እኔ። ስንወጣ የመንደሩ ሕፃናት «ቱባብ! ቱባብ!» እያሉ ይከተሉናል፤ ነጭ ማለት ነው። አንድ ቀን ባልና ሚስቱ ክፍላቸው ቀርተው ብቻዬን ስወጣም «ቱባብ!» ተባለ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ከኋላዬ ማንም የለም። ለነገሩ ሕፃናቱን ምን ብዬ እቆጣለሁ? ሰንደል በካልሲ ተጫምታ፣ በዝናብ መሐል መጽሐፏን በፌስታል ጠቅልላ አሸዋ ላይ የምትንሸራሸር ሴት ሌላ ምን ልትባል ትችላለች?

ምግብ ቤቱን የያዙት ሁለት አስተናጋጆች ነበሩ። አንደኛው ረጅም፣ ቁጥብ፣ የአራት ልጆች አባት ነው። ስኒውን ሲያስቀምጥ እጀታውን ወደ ቀኝ እጄ ያዞርልኛል፤ በማነበው ገጽ ላይ ጥላው እንዳያርፍ በሌላው በኩል ዞሮ ይመጣል። እኔ አረጋውያን ሳበላ ዓመታት ያስቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ ሥራ የሚያውቅ እጅ ሳይ አውቃለሁ። ሁለተኛው መልከ መልካም፣ ሳቂታ ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ካለ ሻዩን ይዞ መንገድ ላይ ይቆማል። ሻዬ ሲደርስ ቀዝቅዟል። ውጤቱን ግን ትኩስ ትኩሱን ይነግረኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ባሕሩን ጭራሽ ጋርዶብን ሳለ፣ ረጅሙ በረንዳው ላይ ከሰል አያይዞ በትንሽ ማንቆርቆሪያ አረንጓዴ ሻይ ሲያፈላ ጠራኝ። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእሱ የሆቴል፣ የእኔ የማታ ትምህርት ቤት።

«ከሁለታችን እስከ ኅዳር የሚቆየው አንድ ነው» አለኝ። «ሌላው እንግዶች እስኪመለሱ ቤቱ ይቀመጣል። አለቃችን የሚወስነው እንግዶች ስትሄዱ የምትሞሉትን ወረቀት አይቶ ነው።»

«ያለነውኮ ሦስት ነን።»

«ሽማግሌዎቹ ሁሉንም ሰው ይወዳሉ። ለእኔም ለእሱም እኩል ነው የሚሞሉት።» ሻዩን ከፍ አድርጎ ቀዳልኝ። «ስለዚህ ያለሽው አንቺ ነሽ እህቴ።»

«እየለመንከኝ ነው?»

«ኧረ! እየነገርኩሽ ነው። ብለምንሽማ ስኳር እጨምርልሽ ነበር።»

የመጨረሻው ቀን ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ወረቀቶቹን ይዞ መጣ። ለጀርመኖቹ የጀርመንኛውን ሰጣቸው፤ በእሱ ላይ መልሱ በቃላት ተጽፏል፣ «በጣም ጥሩ» ወይም «ደካማ» የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ለእኔ ፊቴን አየት አደረገና የእንግሊዝኛውን ሰጠኝ። የጀርመን ፓስፖርቴ ቁጥር መዝገቡ ላይ አለ፤ ግን ሰው ፊት ላይ ያነበበውን መዝገብ ላይ አይፈልግም። እኔም አላረምኩትም። ፊደል በሠላሳ ሰባት ዓመቷ የቆጠረች ሴት እንግሊዝኛ አንባቢ ተብላ ብትታሰብ ምኑ ነው ስድቡ?

ወረቀቱ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነበር። ለእያንዳንዱ አስተናጋጅ አንድ አንድ ገጽ፤ በየገጹ ስድስት ጥያቄ፤ ከየጥያቄው ፊት ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። አንድ የሚባለውን ኖተ፣ ማለትም ውጤት፣ እኔ ለማንም በቀላሉ አልሰጥም። ፍራንክፈርት በማታ በተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ እኔ ራሴ አንድ ያገኘሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት በተሳሳተ ባቡር ዞሰንሃይም ደርሼ ተመልሻለሁ። ለረጅሙ ግን ስድስቱንም ጥያቄ አንድ ሰጠሁት፤ ይገባዋልና። ለሁለተኛው አራት፣ አራት፣ አራት፣ አራት፤ ለፍጥነቱ ደግሞ አምስት። ጨካኝ እንዳልሆን ፈገግታውን ሦስት አደረግሁለት። ያልተሞላ ትርፍ ወረቀት አጣጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። እንዲህ ያለ ነገር አልጥልም፤ ጀርመን አገር አንድ ወረቀት ጥሎ ያልተጸጸተ ስደተኛ አላውቅም።

ለረጅሙ ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁት፤ «ጎበዝ ነህ» ብዬው በንጹሕ ሕሊና ወደ ፍራንክፈርት ተመለስኩ።

መልእክቱ የደረሰኝ በአራተኛው ቀን፣ ከሥራ ስመለስ ትራም ውስጥ ነው። «እህቴ፣ በአፍሽ ጎበዝ አልሽኝ፤ በወረቀቱ ስድስቱንም አንድ ሰጠሽኝ። አለቃዬ በሆቴሉ ታሪክ እንዲህ ዝቅ ያለ ማንም የለም አለ። ወር ሲያልቅ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ያስቀየመሽ ሻዩ ነበር?»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሚቀጥለው ቀን ትርፏን ወረቀት ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፤ የካርታ ማጉሊያቸውን አመጡ። ከገጹ ግርጌ ፎቶኮፒው የቆረጠው አንድ መሥመር ነበር፤ የፊደሎቹ አናት ብቻ ቀርቷል። እኔ ጭረት መስሎኝ ነበር።

«አንድ፣ መጥፎ» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «አምስት... እጅግ በጣም ጥሩ።» ቀና አሉ። «አንቺ ልጅ! ሰውዬውን እኮ ጣልሽው!»

«አንድ መጥፎ የሚሆንበት አገር አለ?»

«ከጀርመን ድንበር ወጣ ስትዪ ሞልቷል። ጀርመኖቹስ እንዴት አልተሳሳቱም?»

«የእነሱ በጀርመንኛ ነበራ። በቃላት የተጻፈ።»

«ያንቺስ?»

«እኔን አይቶ እንግሊዝኛውን ሰጠኝ።»

ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ጥቁሯ ብቻ እንደ ጀርመን ሞላችው በይኛ! ሃያ ዓመት ሙሉ ጀርመን አልሆንሽም ሲሉሽ ኖረው፣ አሁን ማን ይመስክርልሽ?»

ከእሳቸው ስልክ ደወልን። ሥራ አስኪያጁ በትሕትና አዳመጠኝ፤ አዳምጦ ሲጨርስ ድምፁ በሐዘኔታ ለሰለሰ።

«ማዳም፣ ይገባኛል» አለ። «እኛ አፍሪካውያን አንጀታችን ቶሎ ይራራል። ሰውዬው ደውሎ አልቅሶብዎታል። ግን እውነተኛው ፍርድዎ መጀመሪያ የጻፉት ነው።»

«አልራራሁለትም! አንድ ማለት...»

«አላህ ደግነትዎን ይክፈልዎት» ብሎ ዘጋው።

በተከራከርኩ ቁጥር ደግ እየሆንኩ ሄድኩ ማለት ነው። ጋሼ የእንባ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ብዕር አነሡ፤ እኔ ማስረጃ ነው የምፈልገው አልኳቸው። ማስረጃ ደግሞ ነበረኝ፤ ችግሩ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሆነ ነው። የማታ ትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ሰርተፊኬት፣ ጻይግኒሴ፣ ከጀርባው ላይ ከአንድ እስከ ስድስት የእያንዳንዱ ኖተ ትርጉም ታትሞበታል፤ ማኅተም አለው። ከፊቱ ላይ ግን የእኔ ውጤት ነው ያለው። ለማንም አሳይቼው አላውቅም። ለጋሼም ጭምር «አልፌያለሁ» ብያቸው ነው የተዘጋው።

«ጀርባውን ብቻ እንላክላቸው» አልኩ።

«ጀርባ ብቻ ማን ያምናል? የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

ለረጅሙ የቀሩት ስድስት ቀናት ነበሩ። ቤቴ ተመልሼ አንድ ሌሊት አሰብኩበት ብል ውሸት ነው፤ አሥር ደቂቃም አልፈጀብኝም። የፈጀብኝ ከፋይሉ አውጥቼ ለጋሼ እጅ መስጠቱ ነው። ጋሼ ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። መሐንዲስ ናቸው፤ ዓይናቸው የቆመበት ቦታ የት እንደሆነ ሳይናገሩም አወቅሁ።

«ጀርመንኛ አንድ። ጎሽ!» አሉ። ጣታቸውን ወደ ታች አወረዱ። «ሒሳብ አራት?»

«አራት ያሳልፋል ጋሼ።»

«ያሳልፋል! ያሳልፋል እንጂ! ይኸንን ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የደበቅሽኝ? እኔ ቤት ቁጭ ብለሽ፣ እኔን የመሰለ ሰው ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ፣ አንድ ቀን መቶኛ አስረዱኝ ማለት አቃተሽ?»

ጋሼ ወረቀቱን ፊቱንም ጀርባውንም በአሮጌው ፋክሳቸው ሊልኩ ተነሡ፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን በእጄ ጻፍኩ፤ አንድ በጣም ጥሩ፣ ሁለት ጥሩ፣ ሦስት አጥጋቢ፣ አራት የሚያሳልፍ፣ አምስት የሚጥል። ስጽፍ ሁለተኛው አስተናጋጅ ትዝ አለኝ። ረጅሙን ለማትረፍ የምልከው ወረቀት እሱን ወደ ቤቱ የሚልክ ነው።

«ስለ ሌላው ዝም በይ» አሉ ጋሼ ፊቴን አይተው። «አልተጠየቅሽም።»

«ለአንዱ የሠራ ቁጥር ለሌላውም ይሠራል። ግማሹን ብቻ አልጽፍም።»

«ሻይ ቀዘቀዘ ብለሽ ነው ይህ ሁሉ?»

«ሻይ ሲቀዘቅዝ ቀዝቅዟል ነው የሚባለው።»

«እግዜር ካንቺ ፈታኝነት ይሰውረን» አሉና ሁለተኛውን ገጽ ማሽኑ ውስጥ ከተቱት።

የሥራ አስኪያጁ መልስ በሦስተኛው ቀን በዚያው ፋክስ መጣ። ጋሼ በስልክ አነበቡልኝ፤ በየመሐሉ እየቆሙ ስለሚስቁ ሁለቴ አስደገምኳቸው። ሰውዬው በጀርመንኛ ስላገኘሁት ውጤት እንኳን ደስ ያለዎት ብሎኛል። ስለ ረጅሙ አስተናጋጅ የነበረውን አስተያየት መሻሩን ጽፏል። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፤ «የላኩልንን በጥንቃቄ መርምረናል። እርስዎ በሒሳብ አራት አግኝተው ትምህርት ቤቱ አሳልፎዎታል። ሁለተኛው አስተናጋጃችንም ከእርስዎ ያገኘው በአብዛኛው አራት ነው። ጀርመኖች ያሳለፉትን ውጤት እኛ ልንጥል ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም። ስለዚህ የዝናቡን ወራት ለሁለቱም አካፍለናል፤ በየሁለት ሳምንቱ ይፈራረቃሉ።»

«በይ እንግዲህ» አሉ ጋሼ። «ሰውዬው ከነሥራ አስኪያጅነቱ ዳኛ ነው።»

በማግስቱ በሥራ ዕረፍቴ ላይ፣ የአረጋውያኑን የሻይ ዕቃ አጥቤ ስቀመጥ የረጅሙ መልእክት ገባ። «እህቴ፣ አገኘሁ፤ ግማሽ። እሱም ግማሽ። እሱ ፎቶሽ ቢኖረው ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅለው ይናገራል። እኔ ስድስት አንድ አግኝቼ ከእሱ ጋር እኩል ሆንኩ። አልተቆጣሁም፤ የልጆቼ እናት ግን ትንሽ ተቆጥታለች። እባክሽ በሚቀጥለው ዓመት ነዪ፤ ሻይ እኔ አፈላለሁ። ወረቀት ግን አትሙዪ።»

ሦስት ዓይነት መልስ ጽፌ ሦስቱንም አጠፋሁ። አንዱ ስለ ፍትሕ ነበር፤ አንዱ ይቅርታ ነበር፤ ሦስተኛው «አካፍለናል» ማለት ለእሱ ምን ያህል እንደጎደለበት ማስላት ሞክሮ መሐል ላይ የተጠላለፈ ነበር። በመጨረሻ «አልሞላም፣ ቃል እገባለሁ» ብዬ ላክሁለት። ቃሌን መጠበቄን እንጃ። ባዶ ወረቀትና ብዕር ፊቴ ሲቀርብ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።