የጎመን መደቧ ባቡር

«ሸንኮራዬ፣ ነይ በማለዳ…» ብሎ ይጀምርና ቀሪው ስንኝ ስለሚጠፋበት በአፍንጫው ያንጎራጉረዋል። የወንጂ ሸንኮራ ባቡር ነጂ ሳለ ይለብሰው የነበረውን ሰማያዊ ቱታ፣ ጡረታ ወጥቶ ሳሊተ ምሕረት ሰፈር ከገባም በኋላ አልጣለውም። አሁን በሚስቱ በውባንቺ የጎመን መደብ መሐል ሐዲድ ዘርግቶ፣ ከቆርቆሮ የሠራትን ትንሽ ባቡር ስንጥር ሸንኮራ አሸክሟታል። ሳትገለበጥ ማድ ቤቱ በር ካልደረሰች እህል አልቀምስም ብሎ ምሏል።

«የናኦሚ አባት፣ ሽሮው ቀዘቀዘ! ጎመኔስ ምን በደለህ?»

«መንገድ ዘጋብኝ።»

ባቡሯ እየተወላገደች ጎመኑን አለፈችና ልክ በሩ ጋ ስትደርስ ዝግ አለች። ውባንቺ ክው አለች። በኮረዳነቷ ያ ትልቁ ባቡርም በደጃቸው ሲያልፍ እንዲህ ዝግ ይል ነበር፤ እሷም ሞተሩ ያረጀ እየመሰላት ሸንኮራ መንትፋ ትሮጥ ነበር።

«የዚችም ሞተር አረጀ?»

ሰውዬው ሪሞቱን ከጀርባው ደበቀ። «ያኔስ መች አርጅቶ ነበር?»

ውባንቺ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀችና አንዱን ስንጥር ላፍ አደረገች።

«ሌባ! ያዟት!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያም እጁን ታጥቦ፣ እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመ ገበታው ፊት ቁጭ አለ።